ሙሌንበርግ ያልሰጠው ድምፅና የሰጠው ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ስለ ፍሬደሪክ ሙሌንበርግ የሰማ ሰው ካለ፣ የሰማው ምናልባት አንድ ነገር ነው፤ «ጀርመንኛ የአሜሪካ ቋንቋ ሊሆን ሲል በእሱ ድምፅ ቀረ» የሚለውን። ተረት ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ቀርቦ አያውቅም። የሆነው ይህ ነው፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 የቨርጂኒያ ጀርመኖች «የፌዴራል ሕጎች በቋንቋችን ይታተሙልን» ብለው አቤት አሉ። በጥር 1795 ውይይቱ በሌላ ቀን ይቀጥል የሚለው ሐሳብ 42 ለ41 ወደቀ። በ1 ድምፅ የወደቀው እንግዲህ ቀጠሮ ነው። ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ በዋሽንግተን ዲሲ የአማርኛ ቅጽ የሞላችሁ፣ ጀርመኖቹ ምን እንደፈለጉ ይገባችኋል፤ የሀገሪቱ ቋንቋ ይቀየር አላሉም።

ሰውየው በ1750 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ትራፕ በምትባል መንደር ተወለደ። ከጀርመን የመጣ የሉተራን ቄስ ልጅ ነው፤ እሱም ጀርመን ሃለ ተምሮ በ1770 ቀሰሰ። ወንድሙ ቄስ ፒተር ለነጻነት ጦርነት ሲዘምት ፍሬደሪክ በደብዳቤ ነቅፎት ነበር። ዳሩ ግን በ1776 እንግሊዞች ሲመጡ ከኒውዮርክ ደብሩ ሸሸ፤ በ1779 ራሱ ፖለቲካ ገባ። በ1780 የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ፤ በ1787 ግዛቲቱ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችበትን ጉባኤ መራ።

አዲሱ ኮንግረስ ኒውዮርክ ላይ መጋቢት 4 ቀን 1789 ይከፈታል ተብሎ ነበር። የተገኙት ተወካዮች 13 ብቻ ናቸው። ሁለት ግዛቶች ገና ስላልገቡ ወንበሩ 59፣ ምልዓተ ጉባኤው 30 ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ጉዞው ረጅም፤ 30 የሞላው ሚያዝያ 1 ቀን ነው፤ የዚያኑ ዕለት ሙሌንበርግን አፈ ጉባኤ አድርገው መረጡ። ፕሬዚዳንቱ ከቨርጂኒያ፣ ምክትሉ ከማሳቹሴትስ ስለሚሆኑ መካከለኛዋ ፔንሲልቬንያም ድርሻ ይገባት ነበር። የመብቶች ድንጋጌ፣ ማለትም የዜጎችን መብት የሚያስከብሩት የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች፣ በተጻፈበት ብራና ግርጌ ላይ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ከጆን አዳምስ ጋር የፈረመው እሱ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ድምፅ። ከነጻነት ጦርነቱ የተረፉ ጠቦችን ለመፍታት የታሰበው የጄይ ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር ተፈርሞ ሴኔት አጽድቆታል፤ ማስፈጸሚያ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ብዙዎች «እንግሊዝ መርከቦቻችንን እየያዘች ምን ስምምነት ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ሙሌንበርግም ከተቃዋሚዎቹ ጎራ ይቆጠር ነበር።

ሚያዝያ 29 ቀን 1796 ፊላደልፊያ ላይ ጉዳዩ የታየው በመላው ምክር ቤት ኮሚቴ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አባላቱ እነዚያው ናቸው፤ አፈ ጉባኤው ግን ከወንበሩ ወርዶ ሌላ አባል ይሰየማል፣ የክርክሩ ደንብ ይላላል፣ የተወሰነው ሁሉ ተመልሶ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። የዚያን ጊዜ አፈ ጉባኤ ጆናታን ዴይተን ነው፤ ሙሌንበርግ የኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ነበር። «አፈ ጉባኤ ሆኖ ወሰነ» የሚሉ ጽሑፎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ስምምነቱ ይፈጸም በሚለው ሐሳብ ላይ ድምፁ 49 ለ49 ወጣ። እኩል ከሆነ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ሰብሳቢው ዝም ቢል ነገሩ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ሙሌንበርግ ሐሳቡ እንዳለ ደስ እንደማያሰኘው ተናገረ፤ ምክር ቤቱ ዘንድ ደርሶ እንዲሻሻል ግን ደገፈው። በማግስቱ 51 ለ48 አለፈ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚሁ የተናደደ የሚስቱ ወንድም በርናርድ ሼፈር በስለት ወጋው። ተረፈ። የምክር ቤት ዘመኑ ግን በመጋቢት 1797 አበቃ፤ አልተመለሰበትም። ሰኔ 4 ቀን 1801 በ51 ዓመቱ ላንካስተር ላይ ሲሞት የፔንሲልቬንያ የመሬት ጽሕፈት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበር።

አመሰግናለሁ።