የተረፈው የማን ነው? ፌዴራል፣ ክልል እና የሁለቱ ኪስ

ትዕግሥት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከአራት ኪሎ፣ ከዚችው ጠባብ ክፍላችን ነን። ውጪ መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሡን።

ዳዊት፦ እሱ እኮ ሦስተኛው አቅራቢያችን ሆኗል። ሰው ሲናገር ማቋረጥ ይወዳል።

ትዕግሥት፦ አንተም ዛሬ አርፍደህ ነው የመጣኸው። ለምን እንዳረፈድክ ንገራቸው፤ ርእሳችን ከዚያ ነው የወጣው።

ዳዊት፦ የእህቴ ሠርግ ደርሷል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መታወቂያዋን ልታሳድስ ወረዳ ሄድን፣ “ሲስተም የለም” ተባልን። በዚያው አባባ ለቤት ጉዳይ ውክልና ሊሰጡኝ ስለነበር ወደ ውልና ማስረጃ አለፍን። እዚያ ደግሞ “ፋይዳ አላችሁ?” አባባ ትዕግሥታቸው አለቀና “ይሄ ሁሉ አንድ መንግሥት አይደለም እንዴ?” ብለው ጮኹ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ትዕግሥት፦ ጥያቄያቸው ልክ ነው። መልሱ ግን “አይደለም” ነው። የወረዳው መታወቂያ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ፋይዳ የፌዴራል ነው። ውልና ማስረጃ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆንም የፌዴራል ተቋም ነው። ስለዚህ አባትህ በአንድ ጠዋት ሁለት መንግሥት ዞሩ ማለት ነው።

ዳዊት፦ ሁለቱም ደግሞ አሰለፏቸው።

ትዕግሥት፦ መንጃ ፈቃድ ብታወጣ ደግሞ ሕጉን ፌዴራሉ ያወጣል፣ ካርዱን የሚሰጥህ ከተማው ነው። መሬትም እንደዚያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀም ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል ይሰጥና፣ በአንቀጽ 52 ማስተዳደሩን ለክልል ይተዋል። ለገበሬው የይዞታ ደብተሩን የሚሰጠው ክልሉ ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ የእህቴን ጉዳይ ንገሪኝማ። ጋብቻው የማን ነው?

ትዕግሥት፦ ይሄን በጣም ነው የምወደው። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት የወጣ ነው፤ ብዙ ሰው የመላው ኢትዮጵያ ሕግ ይመስለዋል። የሚሠራው ግን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ብቻ ነው። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አማራ ክልል በ1995 የራሱን አወጣ፣ ሌሎችም አወጡ። የራሱን ያላወጣ ክልል የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞ ይቆያል። እሱ ላይ ደግሞ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች ይላል። የ1992ቱ ነው ሁለቱንም ጾታ 18 ያደረገው።

ዳዊት፦ አንድ ደቂቃ። ወንጀልስ? ሞባይል ቢሰረቅብኝ?

ትዕግሥት፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለሁሉም አንድ ነው። ጅጅጋ ብትሰረቅ ጎንደር፣ ያው ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ሌባው በመላ አገሪቱ በአንድ ሕግ ይዳኛል፣ ሙሽራዋ ግን ክልል በተሻገረች ቁጥር ሕጓ ይለወጣል!

ትዕግሥት፦ (ሳቅ) በትክክል። ነገሩ ግን ምክንያት አለው። ጋብቻ ከባህል፣ ከሃይማኖት፣ ከአካባቢ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የአፋርን ቤተሰብ አዲስ አበባ ተቀምጦ መደንገግ ይከብዳል። ተከራካሪዎቹ ከፈለጉ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኙም ለዚያ ነው የተፈቀደው።

ዳዊት፦ እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ “የተረፈው” ነገር ነው። ሕገ መንግሥት ጸሐፊ ሁሉን ነገር ሊዘረዝር አይችልም። በ1987 ኢንተርኔትን ማን አሰበው? ታዲያ ያልተዘረዘረው የማን ይሁን?

ትዕግሥት፦ ፌዴሬሽኖች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1791 ባጸደቀችው 10ኛ ማሻሻያ የቀረው የግዛቶቹና የሕዝቡ ነው አለች። ካናዳና ሕንድ ቀሪውን ለማዕከሉ ሰጡ። ሕንድ ሦስት ዝርዝር አላት፤ የማዕከሉ፣ የግዛቶቹ፣ የጋራው፤ ከሦስቱም ውጭ የሆነው ወደ ማዕከል ይሄዳል። የእኛው አንቀጽ 52 ደግሞ፣ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው ይላል። በወረቀት ስታየው ክልሎቻችን ከካናዳዎቹ ይበልጣሉ።

ዳዊት፦ በወረቀት ነው ያልሽው፣ ይመዝገብልኝ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ሥልጣንን የማየው በኪስ ነው። አንቀጽ 52ን አነበብሽ፣ አንቀጽ 99ን ለምን ዘለልሽው?

ትዕግሥት፦ ልደርስበት ነበር እኮ።

ዳዊት፦ እኔ ልንገራቸው። ቀሪ ሥልጣን የክልል ነው። ቀሪ ግብር ግን የክልል አይደለም! ሕገ መንግሥቱ በስም ያልጠራው ግብር ሲመጣ፣ የማን እንደሆነ የሚወስኑት የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። አሁን ተጨማሪ እሴት ታክስን አስቢ። ቫት በ1995 ሲጀመር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሙም የለ። ማን አገኘው? ፌዴራሉ። ገቢው ይከፋፈላል፣ ግን ጣዩ ፌዴራል ነው።

ትዕግሥት፦ ሁልጊዜ ግን ወደ ፌዴራል አይሄድም። የንብረት ታክስን ያው ሁለቱ ምክር ቤቶች በ2015 ለክልሎች ነው የሰጡት።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። ያኛው ግን ቤትሽ ድረስ መጥቶ ለክቶ፣ ገምቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ተጨቃጭቆ የሚሰበሰብ ነው። ጣሪያና ግድግዳ! ፖለቲካዊ ሕመሙን ክልሉ ተሸከመው። ጉምሩክ ግን ዕቃው ኬላ ላይ ቆሞ ይከፈላል፤ እሱ የፌዴራል ነው።

ትዕግሥት፦ ይሄ ትንሽ ክፋት አለበት።

ዳዊት፦ ክፋት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሌላ ልጨምርልሽ። አዳማ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አንዱ የግል ድርጅት ሠራተኛ። አንድ ዓይነት ደመወዝ፣ አንድ ዓይነት ተቆራጭ። የመጀመሪያው ግብር ወደ ፌዴራል፣ የሁለተኛው ወደ ክልሉ ይሄዳል። ባለሱቁ ደግሞ በግሉ ሲነግድ የትርፍ ግብሩ የክልሉ ነው፤ ያንኑ ሱቅ ፒ ኤል ሲ ካደረገው ግብሩ ከድርጅት የሚሰበሰብ ስለሆነ በአንቀጽ 98 የጋራ ይሆናል። ሱቁ ያው፣ ስኳሩ ያው፣ የተለወጠው የበሩ ታፔላ ነው።

ትዕግሥት፦ ይሄንን አላውቀውም ነበር። እውነት።

ዳዊት፦ ባለሱቁም አያውቀው። እና ነጥቤ ምንድን ነው፣ ትምህርቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የገጠር መንገዱ፣ የመምህሩ ደመወዝ በክልል ትከሻ ላይ ነው። ዋና ዋናዎቹ የገቢ ምንጮች ግን ማዕከል ላይ ናቸው። ስለዚህ አብዛኞቹ ክልሎች የበጀታቸውን ሰፊ ድርሻ የሚያገኙት ከፌዴራል ድጎማ ነው። ቀሪ ሥልጣን አለኝ ማለት እኮ እንዲህ ሲሆን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ማለቴ፣ ገንዘቡ ላይ እስማማለሁ፤ ላሟ ሰማይ ላይ ናት የሚለው ላይ ነው። ድጎማው ጥቅል ነው። ክልሉ ሲደርሰው ለትምህርት ይሁን ለውሃ፣ ራሱ ነው የሚመድበው። ደግሞ ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም። ጉምሩክ ለየክልሉ ቢሰጥ ኖሮ ደግሞ፣ ወደቡ አጠገብ ያለው ሀብታም ይሆንና ሌላው ይደርቃል። አንድ ገበያ ያለው አገር ገቢውን መሀል ሰብስቦ ማከፋፈሉ ነውር አይደለም። ጀርመንም ታደርገዋለች።

ዳዊት፦ ነውር አላልኩም። የሚሰጥ እጅ ከላይ ነው አልኩ።

ትዕግሥት፦ እሱስ እውነት ነው። ሕንዶች ይሄንን እንዴት እንደያዙት ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ2017 የዕቃና አገልግሎት ታክስ ሲጀምሩ ማዕከሉና ግዛቶቹ አብረው የሚቀመጡበት ምክር ቤት አቋቋሙ። ማዕከሉ የድምፁን አንድ ሦስተኛ ይይዛል፣ ግዛቶቹ በአንድነት ሁለት ሦስተኛውን፤ ውሳኔ ለማሳለፍ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አስላው እስቲ።

ዳዊት፦ ማዕከሉ ብቻውን አይችልም... ግዛቶቹም ሁሉም ተባብረው ያለ ማዕከሉ አይችሉም። ወይ ጉድ! ተያይዘው ነው የሚቆሙት።

ትዕግሥት፦ ሁለቱም እምቢ ማለት ይችላሉ፣ ለዚያ ነው የሚነጋገሩት።

ዳዊት፦ እኛ ጋ ታዲያ ሲጣሉ ማን ይዳኛል?

ትዕግሥት፦ አሜሪካ ቢሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤት። እኛ ጋ ያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው እሱ ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አስቀድሞ ጉዳዩን ያያል፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው። አባላቱ ዳኞች አይደሉም፤ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ናቸው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ።

ዳዊት፦ እና ያንን ትወጂዋለሽ?

ትዕግሥት፦ ሐሳቡን እረዳዋለሁ። የቃል ኪዳኑ ባለቤቶች እኛ ነን፣ ቃሉንም እኛ እንፍታ ነው። ግን ተከራካሪው ክልል የላካቸው ሰዎች ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ፣ እኔ ጠበቃ ብሆን እጨነቃለሁ። ፌዴሬሽን የሚለው ቃል እኮ ለእኛ በ1987 አልተወለደም። ከ1945 እስከ 1955 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች። በእኔ እይታ ያ ነገር ሲሸረሸር፣ ከሁለቱም ወገን ውጭ ቆሞ “ተው!” የሚል ጉልበት ያለው ዳኛ አልነበረም።

ዳዊት፦ ትንሽ ዝም እንበል... ድምፁም ቆመ እኮ።

ትዕግሥት፦ ምሳ ሰዓት ደርሷል።

ዳዊት፦ እና ከመውጣታችን በፊት፣ አዲስ አበባስ? እኛ የማን ነን?

ትዕግሥት፦ አንቀጽ 49። ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፣ ኦሮሚያ ደግሞ በከተማዋ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቅለታል። ሦስቱም እዚያው አንቀጽ ውስጥ። ክልል አይደለችም። ክልሎቹ 9 ነበሩ፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ከዚያ የቀረው ደቡብ በ2015 ለሁለት ሲከፈል 12 ሆኑ። አዲስ አበባ ግን ከተማ ናት።

ዳዊት፦ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ግን ከ547ቱ 23 ወንበር አለን።

ትዕግሥት፦ እዚያ አለን። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥ ግን አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ የክልል ምክር ቤት የለንም።

ዳዊት፦ ቆይ። የድጎማ ቀመር የሚያወጣው፣ የተረፈውን ግብር የሚያከፋፍለው፣ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ምክር ቤት ውስጥ፣ ይህች ከተማ ራሷ የላከችው ሰው የለም?

ትዕግሥት፦ የለም። እዚህ የሚኖር የየብሔረሰቡ ሰው የሚወከለው በክልሉ በኩል ነው እየተባለ ነው።

ዳዊት፦ አባባ ይሄን ቢሰሙ ከዚያ ሰልፍ ላይ ባልተነሡ ነበር።

ትዕግሥት፦ አሁን ወዴት ነህ?

ዳዊት፦ ወረዳ። ሲስተሙ ከምሳ በኋላ ይመጣል ብለውናል። ፋይዳውንም መታወቂያውንም ይዤላቸዋለሁ፣ ማንኛውን እንደሚጠይቁኝ አይታወቅም።