«ሌላ ሰው የለዎትም?»

በደብረ ማርቆስ ለተሰበሰቡ የጤና ባለሙያዎችና የሕክምና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

የተከበራችሁ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች፣ ያስተማራችሁኝ መምህራን፣ ከየወረዳው ተረኛ አድራችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የሕክምና ባለሙያው ስላሉበት ፈተናዎችና ስለ ዘመኑ የሕክምና አሠራር የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ልዳስስ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቴ ያልቅብኛል። ስለዚህ ከፈተናዎቹ መካከል ለብዙዎቹ ሥር ነው ብዬ የማምነውን አንዱን ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ። እርሱም ሌሊት ላይ የሚጠይቀው ታላቅ የሌለው፣ ከፊቱ ሕመምተኛ ከኋላው ባዶ ኮሪደር ያለበት ወጣት ባለሙያ ጉዳይ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ክረምት፣ በዚሁ በጎጃም በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ አንዲት ወላድ በወሳንሳ ተሸክመው አመጡልን። አምቡላንሱ ከመገንጠያው ጭቃ ሊወጣ ስላልቻለ ጎረቤቶቿ እየተቀባበሉ ነው ያደረሷት። ሕፃኑ ቤት ውስጥ በሰላም ተወልዷል፤ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሆዷን ስዳስስ ጠንክሮ እንደ ኳስ መያዝ የነበረበት ማህፀን እንደ ቡኮ ሊጥ ከእጄ ሥር ይሰምጣል። ማህፀንን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን ኦክሲቶሲን ሰጠናት፤ ደገምንላት፤ ለውጥ የለም። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ የሚገባው መድኃኒት ሥራው በቆመ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብቶ ኃይሉ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። አንድ እጄን ጨብጬ ከውስጥ፣ ሌላውን ከሆዷ ላይ አድርጌ ማህፀኑን በሁለት እጄ መሐል ጨመቅኩት። አብራኝ የነበረችው አዋላጅ ነርስ የስልኳን መብራት በጥርሷ ይዛ ደም ሥር ትፈልጋለች። ሰመመን ሰጪው ዓመት ፈቃድ ላይ ነበር፤ የሚሰጥ ደምም አልነበረንም።

በዚህ መሐል ፋኖስ ይዘው በሩ ላይ የቆሙት አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ዶክተር፣ ሌላ ሰው የለዎትም?» ሲሉ ጠየቁኝ። በነገራቸው ሁሉ ውስጥ የቁጣ ቃል አልጨመሩም፤ አዝነውልኝ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

ስሕተቴንም ልናገር። ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው፣ በትክክል ለእንዲህ ያለው ሌሊት የሚቀመጠው ደም ማቆሚያ እንክብል፣ ሚሶፕሮስቶል፣ በአጠገባችን ባለው ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር። እኔ በድንጋጤ ረስቼዋለሁ፤ ያስታወሰችው አዋላጇ ናት፤ ያውም ከብዙ ደቂቃ በኋላ። ያን ጊዜ «እጅህን አታንሳ፤ ሚሶፕሮስቶል አላችሁ ወይ?» ብሎ በስልክ የሚጠይቀኝ አንድ ሲኒየር፣ ልምድ ያለው ታላቅ ሐኪም፣ ቢኖር ያ ደቂቃ በከንቱ አይፈስም ነበር። ሴትየዋ በእግዚአብሔር ቸርነትና በጎረቤቶቿ ትከሻ ተረፈች። አዋላጇ ግን በዓመቱ ሥራዋን ለቀቀች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ላይ «በግል ጉዳይ» የሚል ብቻ ነበር የተጻፈው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሰነድ አንድ አገር መሠረታዊ የጤና አገልግሎቱን ለማዳረስ ለ1,000 ሕዝብ 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች እንደሚያስፈልጉት አመልክቷል። በአገራችን ሐኪሙን ለብቻው ብንቆጥረው ለ10,000 ሕዝብ አንድ ገደማ ነው። በአገሪቱ የጤና መዋቅር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ ጠቅላላ ሆስፒታሉ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይጠብቀዋል። እነዚህን ቁጥሮች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቁጥሩ የማያሳየው ግን አንድ ነገር አለ፤ ያ ጥቂት የተባለው ባለሙያ በሥራው ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቆም አይነግረንም።

የቀደሙት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ታሪካችን ይመሰክራል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ያሠለጠናቸው ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ተምረው እንደ ቡድን በየጤና ጣቢያው እንዲሰማሩ ነበር የታቀደው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመርም በአንድ ቀበሌ አንዲት ሳይሆኑ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደርጓል። አንዷ ቤት ለቤት ስትዞር ሌላዋ ጤና ኬላው ላይ እንድትቆይ የሚያስችል አመዳደብ ቢሆንም፣ በአንዲት ቀበሌ ሁለት ሆኖ መኖር በራሱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ በቾቄ ተራራ ግርጌ የሠራች ሁሉ ትመሰክራለች። ይህን ጥበብ ከታች ጠብቀን ከላይ፣ ከሆስፒታሉ፣ የጣልነው ይመስለኛል።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2004 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመሩ፤ ነባሮቹም የሚቀበሉትን ተማሪ አበዙ። ውሳኔው የተነሣው ከእውነተኛ ችግር ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ተማሪው በዓመት ሲጨምር መምህሩ በዓመት አይጨምርም፤ አንድ ስፔሻሊስት ለመውጣት ከሰባተኛ ዓመት ወይም ከስድስተኛ ዓመት ምረቃ በኋላ ቢያንስ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ውጤቱን በየራውንዱ፣ ሕመምተኞችን እየዞርን ስንጎበኝ፣ እናየዋለን። በአንድ አልጋ ዙሪያ ተማሪው ተደራርቦ ይቆማል፤ የፊተኛው የልብ ድምፅ ይሰማል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ ያያል።

እኛ የጎጃም ሰዎች ስለ መምህርና ተማሪ ከማንም የምንማረው የለንም ብል ትዕቢት አይሁንብኝ። በዲማም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ፣ ተማሪው ቀኑን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የእያንዳንዱን ሰምቶ ቃሉን ያቀናል፣ ቤቱን ያርማል። ተማሪው ሲበዛ አስነጋሪ ይጨመራል እንጂ ቅኔው ሳይሰማለት የሚሰነብት ተማሪ እንዲኖር አይፈለግም። ገና ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ፣ ያላለፈውን ልጅ ተነሥተህ ረጅሙን መወድስ ዝረፍ ብሎ ጉባኤ ፊት የሚያቆም መምህርም አላየንም። እኛ ግን በቅጡ ያልሰማንለትን ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም፣ አመት ሳይሞላው ሐኪም ብለን፣ ከመንገድ በራቀ ሆስፒታል፣ በሰው ሕይወት ላይ መወድስ እንዲዘርፍ እናቆመዋለን። ሲሰናከልም የምንጠይቀው ለምን አላወቅህም ብለን ነው፤ ማን አዳመጠህ ብለን አንጠይቅም።

ብቻውን የቆመ ሐኪም እንዴት እንደሚያክም ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ይፈራል፤ በፍርሃትም ያክማል። ትኩሳት ባየ ቁጥር ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ያዝዛል፤ ላቦራቶሪው ተህዋሱን አሳድጎ የሚለየውን የካልቸር ምርመራ ስለማይሠራ፣ ነገ ታማሚው ቢብስበት ደግሞ «ለምን ጠንካራ መድኃኒት አልሰጠህም?» የሚለው ወቀሳ የሚደርሰው ለእርሱ ስለሆነ ነው። በዚህ የተነሣ መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያን በየዋርዱ እየበዙ፣ ትናንት በቀላሉ ይድን የነበረው ቁስል ዛሬ ሳምንታት ያስተኛል። ሊያክመው የሚችለውንም ሕመምተኛ ሪፈር ይጽፍለታል። የሪፈር ወረቀት ለሐኪሙ መሸሸጊያ ሲሆን ለገበሬው ግን የአንድ በሬ ዋጋ ነው፤ መኪና፣ ምግብ፣ አስታማሚ፣ ማደሪያ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ መድኑ የሕክምናውን ወጪ ቢያቀልም የመንገዱን ግን ተሸክሞ አይጨርሰውም።

ስለ ዘመናዊ መሣሪያም አንድ ቃል ብቻ። አልትራሳውንድ ገዝቶ የሚያነብ ሰው አለማሰልጠን፣ ኦክስጅን ማምረቻ አቁሞ የሚጠግን ባዮሜዲካል ባለሙያ አለመቅጠር፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ለሚያረጅ ዕቃ መጋዘን መሥራት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ከርዕሴ የራቅሁ ቢመስልም አልራቅሁም። ክንዱ የተሰበረ ልጅ በወጌሻ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ጣቶቹ ጠቁረው ይመጣልናል፤ አንዳንዴም እጁን ከመቁረጥ በቀር ምርጫ አይቀርም። ልማዳችን በወላጁ ላይ መቆጣት ነው። እኔም ለዓመታት ተቆጥቻለሁ። ወጌሻው ግን እንደ እኛው ወጣት ሐኪም የሚጠይቀው ሰው የሌለው ባለሙያ ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲያብጥና ሲደነዝዝ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት እንዳለበት ተቀምጦ የነገረው የለም። አንድ ከሰዓት ለእርሱ ብንሰጥ የስንት ልጅ ክንድ እናተርፍ ነበር።

የደሞዙን ነገር በአጭሩ የማልፈው ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ክርክር ስለማያሻው ነው። የቤት ኪራይ ከፍሎ ለወሩ የማይበቃ ደሞዝ ያለው ሐኪም ማታ ማታ በግል ክሊኒክ ቢሠራ፣ ቢለቅ፣ አገር ቢቀይር አያስገርምም። ባለሙያው በ2011 ዓ.ም. ጋዋኑን እንደለበሰ አደባባይ ወጥቶ የጠየቀውን፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ሥራ እስከማቆም ደርሶ ጠይቆታል። በአንድ በኩል ዋርዱ ሰው አጥቶ፣ በሌላ በኩል የተመረቁ ሐኪሞች ቅጥር አጥተው ቤተሰብ ቤት መቀመጣቸው ከሁሉም ይብሳል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ሥራው አለ፣ መደቡና በጀቱ የለም» ይባላል። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እህሉ እየረገፈ አጫጁን ደጅ ማስጠናት ለእርሱ የሚገባው ነገር አልነበረም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት በዚህ ሁሉ ላይ መንገድ ዘግቶብናል። መድኃኒት የጫነ መኪና ይዘገያል፤ ምጥ የያዛት እናት እስኪነጋ ትጠብቃለች፤ ስልክ የማይሠራበት ወር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ሲመዘገብ ቆላውን የሚያውቅ የጎጃም ባለሙያ ቁጥሩን ከመስማቱ በፊት በኮሪደሩ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ቆጥሮታል። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቁት የጄኔቫ ስምምነቶች የቆሰለውን፣ የሚያክመውንና የሚታከምበትን ቤት እንዳይነኩ ያዝዛሉ፤ ይህን ትእዛዝ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይቁም፣ ሐኪሙንና አምቡላንሱን ያሳልፍ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን ለሕመምተኛ እንነግራለን፤ እኛ ግን ከሁሉ የባስን ደባቂዎች ነን። ቀን ሠርቶ፣ ሌሊት አድሮ፣ በማግስቱም እስከ ማታ የሚቀጥል ኢንተርን ደክሞኛል ካለ ሰነፍ እንለዋለን። አንድ እናት በእጁ የሞተችበት ሐኪም በማግስቱ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ በሞርኒንግ ላይ ቆሞ ሲጠየቅ፣ ምን እንደጎደለ ልንማር የተሰበሰብን ሳይሆን ማን እንዳጠፋ ልንፈርድ የተቀመጥን እንመስላለን። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላስፈላጊ ጥያቄ የጠየቅኋቸው ወጣቶች በዚህ አዳራሽ አሉ፤ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።

መደብ መፍቀድ፣ ደሞዝ ማሻሻልና ሰላም ማምጣት በእጃችን አይደለም፤ ከሚመለከታቸው እንጠይቃለን፣ መጠየቃችንንም አንተውም። ሌሊቱን ለመካፈል ግን የማንንም ደብዳቤ አንጠብቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን አንድ የተራ መዝገብ አዘጋጅተናል። በማህፀንና ጽንስ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በውስጥ ደዌ አንድ አንድ ሲኒየር በየሌሊቱ ስልኩን ከፍቶ ያድራል፤ ከየትኛውም የወረዳ ሆስፒታል የሚደውል ተረኛ፣ አዋላጅም ትሁን ጤና መኮንን፣ ስሟን ከተናገረች በኋላ ለምን ደወልሽ ተብላ አትጠየቅም። ኔትወርክ በማይኖርበት ቀን አይሠራም። ደምም አይሰጥም፤ ሰመመንም አይሰጥም። በበሩ ላይ ፋኖስ ይዘው ለሚጠይቁ አባት ግን «አለ» ብሎ ለመመለስ ይበቃል።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሐሙስን ሌሊት እኔ ይዤዋለሁ፤ ስድስቱ ክፍት ናቸው።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።