ስምንት ልጆች፣ ስምንት እናት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለ እናቴ ላወራችሁ ነው። ብዙ ልጆች ይዛ አገር የቀየረች እናት ያላችሁ ሁሉ የራሳችሁን እናት የምታገኙበት ይመስለኛል።

እኛ ቤት ስምንት ልጆች ነን። ተሰብስበን ስለ እማዬ ወሬ ከተነሳ መጨቃጨቃችን አይቀርም። ታላቅ እህታችን "እሷ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ከገባች ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነው" ትላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። የማውቃት ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ የሚጥላትን ሴት ነው። የመጨረሻው ወንድሜ ደግሞ "እማዬ ዝምተኛ ናት" ይላል። እውነቱን ነው። እሱ በሚናገረው ቋንቋ ዝምተኛ ናት።

ማናችንም አልዋሸንም። አገር የቀየረች እናት ለእያንዳንዱ ልጇ ሌላ ሴት ናት። ትልቋ የደረሰችው ዘመድና ጎረቤት መሃል ባለችው፣ በራሷ ቋንቋ ተከራክራ በምትረታው፣ ሰው ምክር በሚጠይቃት ወጣት ላይ ነው። እኛ መሃል ያለነው የደረስነው ስልክ ሲጠራ "እስቲ አንተ አንሳው" በምትለው ሴት ላይ ነው። ሴትየዋ አንድ ናት። የሚያዳምጣት ሰው ነው የተለወጠው።

ስለ ስደተኛ እናቶች ሲነሳ ስለከፈሉት መስዋዕትነት ማውራት ይቀናናል። ከፍለዋል፣ ማን ይክዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብልህ ሴት፣ ነገር አዋቂ ሴት፣ ግማሽ ዕድሜዋን በልጆቿ አፍ ስትናገር መኖሯ ነው።

አንዷ እህቴ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እያለች እማዬን ሐኪም ቤት ትወስዳት ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ጡቷ ላይ ስለተገኘ እብጠት ማስረዳት ጀመረ። ልጅቷ ግማሹ አልገባትም። የገባትን ደግሞ ለእናቷ መንገር ፈራች። "ምንም የለም፣ ብቻ ተመልሰሽ ነይ ብሏል" አለቻት። እማዬ ግን ጆሮዋን ትታ የልጅቷን ፊት ነበር የምታየው። ምርመራው ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ልጅ እናቷ እንዳትጨነቅ፣ እናት ልጇ እንዳትጨነቅ፣ እየተደባበቁ አንድ አልጋ ላይ አደሩ። ለአንድ ሕፃን ይህ በጣም ከባድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ የሕክምና ተቋማት በሕፃናት አስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። እባካችሁ የትም ብትኖሩ መጀመሪያ "አስተርጓሚ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሌሃንድሮ ፖርቴስና ሩቤን ሩምባውት የተባሉ ሁለት የሶሲዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ማያሚና ሳንዲያጎ አካባቢ ከ5,000 በላይ የስደተኛ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ልጆች የአዲሱን አገር ቋንቋና ኑሮ ከወላጆቻቸው ቀድመው ሲይዙ የቤቱ ሥልጣን ሊገለበጥ እንደሚችል ጽፈዋል። ወላጅ ይጠይቃል፣ ልጅ ይወስናል።

እኛም ቤት ይህ ነበር። ግን እማዬ በቀላሉ የምትገለበጥ ሴት አይደለችም። ለየትኛው ጉዳይ የትኛውን ልጅ እንደምትልክ ታውቅ ነበር። የተሳሳተ ሂሳብ መጥቶ ክርክር ካለ ነገረኛውን ወንድሜን ትልካለች። ትምህርት ቤት ስትጠራ ለስላሳዋን እህቴን ይዛ ትሄዳለች። ምስጢር ያለበት ወረቀት ከመጣ የምታስነብበው ምንም ቢመጣ ምስጢር ከአፉ የማይወጣውን፣ አራተኛውን ልጇን ነው። ቋንቋውን ባትችልም ማን ምን እንደሚችል ለይታ ታውቃለች። ይህን ሥራ በቢሮ ቢሠሩት ደመወዝ አለው።

ዕድሜዋንም ወረቀት ወስኖላታል። መታወቂያዋ ላይ የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ነው። የልደት ማስረጃ የሌለው ስደተኛ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀን ይህ ነው። ዕድሜዋን ደግሞ ከእውነተኛው አሳንሰው ነው የጻፉት። ስለዚህ ጡረታው ሲደርስላት ጉልበቷ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

አሁን በእውነተኛው ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፋለች። ይህን ክፍል ለመሥራት የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ቴዎዱል ሪቦ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1881 የመርሳት ችግር ሲመጣ አዲሱ ትዝታ ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ የድሮው እንደሚቆይ ጽፎ ነበር። በአዋቂነት የተማሩት ቋንቋም ብዙ ጊዜ በልጅነት ከተማሩት ይልቅ ቶሎ ይሸሻል። እማዬም በስንት መከራ የያዘችው ቋንቋ እየለቀቃት ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቱን መጀመሪያ የሚያጣት ትንሹ ወንድሜ ነው። አጠገቧ የሚኖረው እሱ፣ መድኃኒቷን የሚሰጣት እሱ፣ ግን የምትለውን የማይሰማው እሱ ነው። ታላቅ እህቴ ደግሞ የጥንቷን ጨዋታ አዋቂ ሴት መልሳ እያገኘቻት ነው።

ስለዚህ ሥራ ተከፋፍለናል። የእሷን ቋንቋ የምንችለው በተራ እንሄዳለን፣ ለሐኪሞቹም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያናግሯት ፋይሏ ላይ አስጽፈናል። እሷ ስታወራ እንቀዳለን። ትንሹ ወንድሜ ከእሷ ጋር ሆኖ ከሀ ጀምሯል። ስታርመው ደስ ይላታል፣ ድምጿ ራሱ ይለወጣል፤ እሱም ሲነግረኝ "ተቆጣችኝ እኮ!" ብሎ በደስታ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ታላቅ እህቴ አብራኝ ትቀመጣለች። ያቺን የመጀመሪያዋን ሴት የምታውቃት እሷ ብቻ ስለሆነች እኔ ራሴ ብዙ የምጠይቃት አለኝ። እናንተም ጥያቄ ካላችሁ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ። ቸር ሰንብቱ።