ገመድ መላጥና መቀጠል፦ መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የቤት ኤሌክትሪክ ገመድ እንልጣለን፣ እንቀጥላለን። ሥራው ቀላል ነው። ግን ደግሞ ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ መላጡ። ሀዋሳ ያላችሁ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች አይታችኋል? ካላያችሁ ሄዳችሁ እዩ። ልጁ ቆሮሶውን ዓሣ በግራ እጁ ጫን አድርጎ ይይዛል። ቢላውን ወደ ታች አይጫንም፣ ያስተኛዋል። ቢላው አጥንቱን ታክኮ ይሄዳል፣ አጥንቱን ግን አይቆርጥም። ሥጋው ብቻ ተገፎ ይነሳል። እንዴት ደስ ይላል! ገመድም ልክ እንደዚያ ነው። ላስቲኩ ሥጋ፣ መዳቡ አጥንት። ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ከቆረጣችሁ አጥንቱን ነካችሁ ማለት ነው። ጭረቷ ለዓይን አትታይም። ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ግን እዚያችው ላይ ቀንጠስ ይላል። ባለ ብዙ ክር ከሆነ ደግሞ የተወሰነው ክር ከላስቲኩ ጋር ይሄዳል፤ ሸክሙ ሁሉ በቀሩት ላይ ያርፋል፣ ይሞቃሉ። ስለዚህ ቢላውን አስተኙ፣ ከራሳችሁ ወደ ውጭ ግፉ። መላጫ ፒንሳ ካላችሁማ ቀዳዳውን ከገመዱ ቁጥር፣ ማለትም ከውፍረቱ ጋር ማመሳሰል ነው፤ 1.5 ለ1.5፣ 2.5 ለ2.5። በጥርስ የምትልጡ አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

አሁን ወደ መቀጠሉ ልግባ... ቆይ፣ አንድ ነገር። ብዙዎቻችሁ የምትጽፉልኝ ነገር አለ። «እኔ መብራት ሲጠፋ ጠብቄ ነው የምሠራው፣ ያኔ ምን ያደርገኛል?» ኧረ ወገን! መብራቱን ያጠፋችሁት እናንተ አይደላችሁም። ያጠፋው ሰው እናንተ መሰላል ላይ መሆናችሁን አያውቅም። ሲመጣ አንኳኩቶ አይመጣም፣ 220 ቮልቱን ይዞ ከች ይላል። ሌላም አለ። መብራት በሌለበት ሰዓት ቴስተር፣ ያ ገመዱ ላይ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ዕቃ፣ ምንም አይነግራችሁም። ትክክለኛውን ብሬከር፣ መስመሩን የሚያቋርጠውን፣ መዝጋት አለመዝጋታችሁን በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ ሰፈሩ መብራት ሲኖረው፣ የቤታችሁን ግን ራሳችሁ አጥፍታችሁ ነው የሚሠራው። ብሬከሩን ዝጉ፣ ለቤተሰቡ ተናገሩ፣ በላዩ ወረቀት ለጥፉ። ቴስተሩን መብራት ባለው ሶኬት ሞክሩት፣ ከዚያ ገመዱ ላይ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሶኬቱ ላይ።

«ማብሪያ ማጥፊያውን ብዘጋስ?» አይበቃም። አንዳንዱ ቤት ማጥፊያው የሚያቋርጠው ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ ነው። አምፖሉ ይጠፋል፣ ፌዙ፣ መብራቱን የሚያመጣው ሽቦ፣ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ይህን ያልሰማ ወንድም እህት ካላችሁ ቪዲዮውን ላኩለት፣ ሰብስክራይብም አድርጉ።

መቀጠሉ አጭር ነው። ፌዝ ከፌዝ፣ ኒውትራል ከኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴው ከግራውንድ፣ ከመሬት ሽቦው ጋር፤ ይህን ታውቃላችሁ። አሮጌ ቤት ከሆነ ቀለሙን አትመኑ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡ፣ በብሎን የሚያጠብቀው ማገናኛ ውስጥ ክተቱ፣ አጥብቁ፣ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ውጭ የቀረ መዳብ መታየት የለበትም። ከዚያ ስካቶላ፣ የማገናኛ ሳጥን፣ ውስጥ አስገብታችሁ ክደኑት። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ግን ቅጥያ አይደለም። ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አያስርም። ከቆጣሪ በፊት ያለውን ገመድ ደግሞ ጭራሽ አትንኩ፤ እሱ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሥራ ነው።

የምጣድ ነገር ሳልናገር አልሄድም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። በገመዱ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን የላላ ቅጥያ ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በአምፖል ዓመት የቆየ ቅጥያ በአንድ ጋገራ ሊቀልጥ ይችላል። ለምጣድ ከብሬከሩ ጀምሮ ያልተቀጠለ፣ ወፍራም ገመድ አስዘርጉ። እናቶች፣ እህቶች፣ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ላስቲክ ላስቲክ ከሸተታችሁ ወይም ስፒናው ጥርሱ ሥር ከጠቆረ፣ ብሬከሩን ዝጉና በዚያው ቀን ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የሚቀጥለው ጋገራ ይቆይ።