የመጨረሻዎቹ 2 ሚሊሜትር፦ ባለሞላ ምስማር ማስጠሚያ እና የማጠፊያ ፒን ማውጫ

[ምስል፦ ነጭ ቀለም የተቀባ የበር ዙሪያ ጠርዝ። ካሜራው ይጠጋል። ከአንድ ምስማር ጎን ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ስርጉድ ትታያለች።]

ይቺን ስርጉድ አያችኋት? የእኔ ሥራ ናት። ቀኑን ሙሉ ምስማር ስመታ ውዬ አንዴም አልሳትኩም። የመጨረሻው ላይ ግን መዶሻው የምስማሩን ራስ ትቶ እንጨቱን አገኘው። ቀለም ያልነካው እንጨት ቢሆን ኖሮ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በትኩስ ካውያ ጫን ስለው እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን ቦታ ያነሳልኝ ነበር። ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፤ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ እንደገና ቀለም ነው። ለአንድ ምት ግማሽ ቀን ሄደብኝ።

መዶሻ የሚስተው ሰውየው ስለማይችል ብቻ አይደለም። ክንዳችን እየተወረወረ እያለ ነው የሚያነጣጥረው። ማነጣጠርና መምታት አንድ ላይ ይፈጸማሉ። ዛሬ የማሳያችሁ መሣሪያ ሁለቱን ይለያቸዋል። መጀመሪያ ጫፉን ቦታው ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ካልተመቸ ታስተካክላላችሁ፤ ምቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጉልበት ከመዶሻ አይበልጥም፣ እንዲያውም ያንሳል። እኔ የወደድኩት ባለመሳቱ ነው።

[ምስል፦ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ። እጅ ያነሳዋል፣ ቀስ ብሎ ይስበዋል።]

ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ሁለት የብረት ዘንጎች፣ መሃላቸው ላይ ጠንካራ ሞላ። ዘንጎቹ ሞላው ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ። የኋለኛውን ስትስቡት ይራራቃሉ፤ ስትለቁት ሞላው ይሰበስባቸውና ብረት ከብረት ይጋጫል። ግጭቱ የፊተኛውን ዘንግ አልፎ ጫፉ ላይ፣ ከጫፉም ምስማሩ ላይ ይደርሳል።

ለምን አንገፋውም የሚል ይኖራል። ሞክሩት፤ ምስማር በአውራ ጣት አይገባም። በግፊት እንጨቱ የምስማሩን ጎን ጨምድዶ ይይዛል። ምት ግን ጉልበቱን በቅጽበት ስለሚያወርደው፣ ለዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ኃይል እጃችን ከሚገፋው በብዙ ይበልጣል።

የሞላ ደግሞ አንድ ጠባይ አለ፣ ማወቁ በሥራ ላይ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ፣ ሞላን እጥፍ ለመለጠጥ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል ይላል። የሚከማቸው ጉልበት ግን እጥፍ ሆኖ አይቀርም፤ ርቀቱም ኃይሉም አብረው ስላደጉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 1 ሴንቲሜትር ስቦ በመልቀቅና 3 ሴንቲሜትር ስቦ በመልቀቅ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። «ትንሽ ጨመር አድርጌ ልሳበው» ያለ ሰው ምስማሩን ከሚፈልገው በላይ የሚያሰጥመው ለዚህ ነው። አጠር አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት ይሻላል።

[ምስል፦ ቀጭን ምስማር፣ ራሱ ከእንጨቱ በላይ በጥቂቱ ወጥቶ።]

አሁን ወደ ምስማሩ። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በዚህ መሣሪያ ምስማር ከመነሻው አይመታም። ያንን ለመዶሻ ተዉለት። ምስማሩ ከእንጨቱ በላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው መዶሻውን አስቀምጡ። አደጋው ያለው እዚያች ላይ ነው፤ መዶሻው ቢስት የሚያገኘው እንጨቱን ነው።

ጫፉን አስተውሉት። በደንብ ብታዩት መሃሉ በጥቂቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ የምስማሩ ራስ እንዳያንሸራትተው ነው እንደዚያ የተሠራው። የተለመዱት የጫፍ ስፋቶች 0.8፣ 1.6 እና 2.4 ሚሊሜትር ናቸው። ሁለት ጫፍ ያላቸው አሉ፤ አንዱን ጎን ስትጠቀሙ ሌላው የምትስቡት ይሆናል። ምርጫው ቀላል ነው፦ ከምስማሩ ራስ ጠበብ ያለውን ውሰዱ። ከራሱ የሰፋ ከሆነ ራሱን አልፎ እንጨቱንም ይጨፈልቅና ቀዳዳው ያስቀይማል። እጅግ ከቀጠነም ይንሸራተታል።

[ምስል፦ ሁለት እጅ። ግራ እጅ የፊተኛውን ዘንግ ይዟል፣ ቀኝ እጅ የኋለኛውን ይስባል፣ ይለቃል። ዝግታ።]

በግራ እጅ የፊተኛውን ዘንግ ያዙ። ሞላውን አትጨብጡ፤ ሲሰበሰብ ቆዳ ይቆነጥጣል፣ ያማልም። ጫፉን የምስማሩ ራስ ላይ አሳርፉ፣ ከምስማሩ ጋር በአንድ መስመር ይሁን። በቀኝ እጅ የኋላውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁት።

እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ይሳሳታል። አይለቀውም፤ በእጁ ይመልሰዋል። እጁ አብሮ ሲሄድ ምቱን ያለዝበዋል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር ጉልበት የለውም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ድምፁን ስሙ። በትክክል ሲለቀቅ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣል። በእጅ ሲመለስ ድፍን ያለ ነው። እኔ ሰው ሳስተምር ጀርባዬን ሰጥቼው ድምፁን እየሰማሁ ነው የማርመው።

ራሱ ከእንጨቱ በታች 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ሲገባ አቁሙ። ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉት፤ ሲደርቅ ስለሚሸሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ ከምስማሩ የቀጠነ ቀዳዳ አስቀድማችሁ ብሱ፤ ካልበሳችሁ ምስማሩ ይጎብጣል፣ ለጎበጠ ምስማር ደግሞ ይህ መሣሪያ መፍትሔ የለውም።

ይህን ዕቃ የግድ የሚያሰኘው ቦታ ግን ሌላ ነው። የመስኮት መስታወት የሚያቅፉትን ቀጫጭን እንጨቶች አስቡ። ምስማሩ ከመስታወቱ በጣት ርቀት ላይ ነው። መዶሻ እዚያ ሲወዛወዝ ማየት ራሱ ልብ ያርዳል። የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ማዕዘን፣ ከቧንቧ ጀርባ ያለ ዞኮሎ (የግድግዳ ሥር ጠርዝ)፣ ክንድ ሊዘረጋ የማይችልበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው። ይህ መሣሪያ ከራሱ ርዝመትና ለመሳብ ከሚበቃ ጥቂት ሴንቲሜትር በላይ ቦታ አይጠይቅም።

[ምስል፦ የተዘጋ በር። ካሜራው ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይወርዳል።]

ወደ ማጠፊያው እንምጣ። የብዙ በሮች ማጠፊያ በመሃሉ ፒን ያልፍበታል፤ ፒኑ ሲወጣ ማጠፊያው ለሁለት ይለያል፣ በሩ አንድ ብሎን ሳይነካ ከመቃኑ ይወርዳል። የተለመደው አወጣጥ ካቻቢቴ ከፒኑ ራስ ሥር አስገብቶ በመዶሻ መምታት ነው። ካቻቢቴው ያመልጥና ቀለሙን ይልጠዋል፣ ወይም ጣት ያገኛል።

መጀመሪያ በሩን ዝጉት፣ በእጀታው በኩል ከሥሩ ሽብልቅ አስገቡ። ክብደቱን ሽብልቁ ይቻለው። ከዚያ ከታችኛው ጀምሩ፤ መካከለኛው ይከተላል፣ ላይኛው መጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። ላይኛው ቀድሞ ከወጣ የበሩ አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ክብደቱ ሁሉ ታችኛው ማጠፊያ ላይ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ፒኑም አይንቀሳቀስም፣ ብሎኖቹም ከመቃኑ ሊነቀሉ ይችላሉ።

[ምስል፦ የማጠፊያው ሥር፣ ትንሿ ቀዳዳ። የመሣሪያው ቀጭን ጫፍ ከታች ይገባል።]

የማጠፊያውን ሥር እዩት። ቀዳዳ ካለው ቀጭኑን ጫፍ ከታች አስገቡ፣ የኋላውን ወደ ወለሉ ሳቡ፣ ልቀቁ። ታችኛው ማጠፊያ ለወለል ቅርብ ስለሆነ መንበርከክ አለ፤ ፊታችሁን ግን ከሥሩ አታድርጉ። ዝገትና የቀለም ቅርፊት ይረግፋል፣ ስለዚህ መነጽር አድርጉ። ፒኑ 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቅ ሲል የቀረውን በፒንሳ እያዟዟራችሁ አውጡት።

አምስት ስድስት ጊዜ ተመትቶ ካልተነቃነቀ መምታቱን አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቶ ከሆነ ፒኑን ከማጠፊያው ጋር አጣብቆታል፤ ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ቁረጡት። ዝገት ከሆነ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ታገሱ። አንዳንዱ ማጠፊያ ከሥሩ ጌጥ የምትመስል ጉልላት አለችው፤ እሷ ትፈታለች። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ፒኑ ለውጭ ሰው ስለሚጋለጥ ሆን ተብሎ እንዳይወጣ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ በሩ ሲከፈት ብቻ የምትታይ ትንሽ ብሎን ትይዘዋለች፣ ወይም ሁለቱም ጫፎቹ ተቀጥቅጠው ተደፍነዋል። የተደፈነን ፒን መደብደብ ድካም ብቻ ነው፤ እዚያ የሚፈታው የማጠፊያው ብሎን ነው።

[ምስል፦ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ። ሲጫን ቀጭ ይላል።]

ሞላውን ሆዱ ውስጥ የደበቀ ዘመዱም አለ። እሱን መጫን ነው፤ የሆነ ቦታ ሲደርስ ራሱ ቀጭ ብሎ ይመታና ነጥብ ይተዋል። አዲስ ማጠፊያ ስትገጥሙ የብሎኖቹን ቀዳዳ መሃል በእሱ ምልክት ብታደርጉ መሰርሰሪያው አይንሸራተትም። ጠንካራ ተደርጎ ከተሠራ የመኪና የጎን መስታወት አርቁት፤ ያን ዓይነት መስታወት አንዲት ነጥብ ምት ብትነካው መላው ይረግፋል።

[ምስል፦ የወጣ ፒን፣ በጨርቅ እየተጠረገ።]

ፒኑ እጃችሁ ላይ ሳለ ዝገቱን ጥረጉ፣ ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በሩ በራሱ የሚዘጋ ወይም የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ፒኑን ሁለት እንጨት ላይ አጋድሙና መሃሉን በመዶሻ በስሱ ምቱት፤ ለዓይን የማይታይ ጉብጠት ይበቃዋል። ያ ጉብጠት ማጠፊያው ውስጥ ስለሚሻሽ በሩ ከተዉት ቦታ አይነቃነቅም። ይህን ግን ከፒኖቹ አንዱ ላይ ብቻ አድርጉት፤ ሁሉንም ካጎበጣችሁ በሩ እንደ መጋዝ ይጮኻል።

ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ላይኛው ቀድሞ፣ ታችኛው መጨረሻ። ሽብልቁን የምታወጡት ሦስቱም ከገቡ በኋላ ነው።