የሰንሰለቱ ነገር (በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም በዚህ ዝናብ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንደ ልማዳችን ለአራት ሰዓት ተቀጣጥረን አምስት ሰዓት ላይ እየጀመርን ነው። ስለዚህ አላስረዝምም።

ሂሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። የእድሩን ጉዳይ ከምሳ በኋላ እናየዋለን። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰንሰለት ነው።

የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ልጆች ዘንድሮ ለታሪክ ጥናታቸው አድዋን ይመርጣሉ ብለን ጠብቀን ነበር። እነሱ ግን አንድ የኒውዮርክ ሸሚዝ ፋብሪካ ይዘው መጡ። እውነቱን ልናገር፣ ቅር ብሎኝ ነበር። "እኛን ምን አገናኘን?" አልኩ። አንዷ ተማሪ፣ "ጋሼ፣ የሞቱት እኮ ስደተኞች ናቸው" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ዕለቱ ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ነው። በእኛ መጋቢት 16 ቀን 1903፣ አጼ ምኒልክ ታመው በተኙበት ጊዜ መሆኑ ነው። ትራያንግል የሚባለው ፋብሪካ ማንሃተን ውስጥ፣ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዟል። ሰፊዎቹ አብዛኞቹ አይሁድና ጣሊያን ስደተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች። ሥራ ሊወጡ ሲሉ ስምንተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ያለ የብጣሽ ክምር በእሳት ተያያዘ። ብጣሹ ሁለት ወር ያህል ሳይነሳ ተከማችቷል።

አለቆቹ ወዳሉበት አሥረኛ ፎቅ ስልክ ተደወለ። ለዘጠነኛው ማንም አልነገረም። እዚያ 250 ያህል ሰው ነበር። በአንድ በኩል ያለውን ደረጃ እሳት ዘጋው። በሌላው በኩል ያለው በር ተቆልፏል። ለምን ቢባል፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ በር ወጥቶ ቦርሳው እንዲፈተሽ ነው። ሸሚዝ እንዳይሰርቅ። የውጭው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተጣሞ ከነሰዎቹ ወደቀ። የእሳት አደጋ መኪናው መሰላል ከስድስተኛ ፎቅ ብዙም አላለፈም። 146 ሰው ሞተ። ከእነዚህ 123ቱ ሴቶች ናቸው።

ልጆቻችን አንድ ነገር እንዳልዘለው አስጠንቅቀውኛል። አጠገቡ ባለው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ የሕግ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ መሰላል አውርደው፣ ከፋብሪካው ጣሪያ ሰው አወጡ። "ተማሪዎች ናቸው ያዳኗቸው!" ይሉኛል በየጊዜው። ይኸው ተናገርኩላችሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ፍርድ ቤቱ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች ተከሰው ቀረቡ። ኬት አልተርማን የምትባል ከእሳቱ የተረፈች ሠራተኛ መሰከረች። የባለቤቶቹ ጠበቃ ያየችውን ደጋግማ እንድትናገር አደረጋት። ቃሏ ተመሳሰለ። "አጥንታ ነው የመጣችው" ለማሰኘት ይህ በቃው። ኢሚግሬሽን ፊት ተቀምጦ፣ በሰው ቋንቋ፣ ቃሉን የሰጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቃል በቃል የምንሸመድደው ስለምንዋሽ አይደለም፤ እንዳንሳሳት ነው። ባለቤቶቹ ነጻ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው፣ ማክስ ብላንክ፣ እንደገና በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ ተያዘ። ቅጣቱ 20 ዶላር። ዛሬ ዳውንታውን መኪናውን ያላግባብ ያቆመ ሰው እንኳ ከዚያ በላይ ይከፍላል።

ለውጡ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፍራንሰስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት በዚያ ቀን እዚያው ሰፈር ለሻይ ተጋብዛ፣ ሮጣ መጥታ፣ ሠራተኞቹ ከመስኮት ሲወድቁ አየች። በኋላ ግዛቲቱ ላቋቋመችው የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን ሠራች። ፖለቲከኞቹን ፋብሪካ ለፋብሪካ አዞረቻቸው። ሰብሳቢውን ሮበርት ዋግነርን በግድግዳ ቀዳዳ አሾልካ በረዶ የጋገረበት መሰላል ላይ አወጣችው። "የእሳት ማምለጫ" የሚሉት እሱን ነበር። በር ወደ ውጭ ይከፈት፣ በሥራ ሰዓት አይቆለፍ፣ የማምለጥ ልምምድ ይደረግ የሚሉት ሕጎች ከዚያ በኋላ ወጡ። እሷም በ1933 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። ልጆቹ ጥናቱን ሲጨርሱ ሜትርና ደብተር ይዘው ይህንን አዳራሽ ዞሩት። ከኩሽናው ጎን ባለው የጓሮ በር ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ አገኙ። "ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው?" አለችኝ ያችው ልጅ። በእንቁጣጣሽ ትኬት ያልቆረጠ ሰው በጓሮ እየገባ ስላስቸገረን ነው አልኳት። ዝም ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "የእነሱም በር ለሌባ ነበር" አለችኝ። ሰንሰለቱን የገዛሁት ራሴ ነኝ። ያን ምሽት እዚህ ውስጥ 300 ሰው፣ የወጥ ማሞቂያ እሳትና የቡና ከሰል ነበር።

ሰንሰለቱ ተነስቷል። በኮሚቴያችን ውስጥ "ገቢ ይቀንሳል" ያሉ አሉ። ይቀንስ። ደግሞ ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ሲገፉት የሚከፈት በር አለ። ዋጋውን ልጆቹ ጠይቀዋል፤ ዛሬ ድምፅ እንሰጥበታለን።

ልጆቹ ወላጆቻቸውንም "ሥራ ቦታችሁ ስንት መውጫ አለ?" ብለው ጠይቀዋል። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ መጋዘን። ብዙዎቻችን መልስ አልነበረንም። እኔ ድሮ አንድ መጋዘን ስሠራ የአደጋ ጊዜ መውጫው ፊት ካርቶን የምደረድረው ራሴ ነበርኩ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አዲስ ገብቼ፣ ወረቀቴም ገና ነበር። አፌን ያዝኩ።

ለአዲስ ገቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦሻ የሚባለው፣ የሥራ ቦታን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲቀበል ስማችሁን ለአሠሪያችሁ እንዳይናገር መጠየቅ ትችላላችሁ። አቤት ብላችሁ ከሥራ ከተባረራችሁ ግን ለእነሱ ማመልከት ያለባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑን አታሳልፉ። ቅጽ መሙላት የቸገረው ከምሳ በኋላ ልጆቹ ጠረጴዛ ጋ ይምጣ።

የዚህ አዳራሽ በሮች ሦስት ናቸው። አንዱ የገባችሁበት፣ አንዱ በስተግራ፣ ሦስተኛው ከኩሽናው ጎን። እሱ ዛሬ በደንብ ስለማይገጥም ብርድ ያስገባል፤ እዚያ የተቀመጣችሁ እናቶች ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ልጆች፣ ወደ መድረክ ኑ። ጉባኤው ተከፍቷል።