የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በረዶው ሳይለቅ ፀደይን መለየት

በዚህ ሳምንት ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከእንግሊዝና ከእስራኤል የደወላችሁ አድማጮች የጠየቃችሁኝ ሲጨመቅ አንድ ነው፤ ብርዱ ሊያልፍ ነው ወይስ እያታለለን ነው? የምመልሰው በሰሜን አውሮፓ በአትክልት ሥራ የሚተዳደር ሰው ሆኜ ነው። ወራቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከስቶክሆልም የደወሉ እናት፦ «ጎረቤቴ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ፀደይ ገብቷል አለችኝ። ከደጄ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ማን ነው ትክክል?»

እናቴ፣ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። የስዊድን የአየር ትንበያ ተቋም ፀደይ ገባ የሚለው የቀንና የሌሊቱ አማካይ ሙቀት ሰባት ቀን በተከታታይ ከዜሮ በላይ ሲውል ነው፤ ከሰባቱ የመጀመሪያዋ ቀን የመግቢያ ቀን ትባላለች። ከፌብሩዋሪ 15 በፊት የታየ ሙቀት ግን አይቆጠርም። በዚህ ስሌት ፀደይ በደቡብ ስኮኔ ከገባ በኋላ ሰሜን ጫፍ ኪሩና ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ ሊፈጅበት ይችላል። እርስዎ ደጅ ያለው የበረዶ ክምርም አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ብቻ በአንድ ሳምንት አይጠፋም።

ጀርመኖች ደግሞ ቴርሞሜትሩን ትተው ተክሉን ያያሉ። ሄዝልነት የተባለውን ለውዝ የሚሰጠው ቁጥቋጦ ሲያብብ ቅድመ ፀደይ፣ ቢጫው ፎርሲቲያ ሲፈነዳ የመጀመሪያው ፀደይ፣ ፖም ሲያብብ ሙሉ ፀደይ ይሉታል። ለእኔ ይህ የበለጠ ልብ ያደርሳል። እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ማርሻም የተባለ የኖርፎክ ባለርስት በ1736 እንዲህ ያሉ ምልክቶችን መመዝገብ ጀመረ፤ ሃያ ሰባት ምልክቶች ነበሩት፤ ዘሮቹም ተቀባብለው እስከ 1958 ድረስ ጽፈዋል። ዛሬ ፀደይ እየቀደመ መምጣቱን የምናውቀው እንዲህ ባሉ ትዕግሥተኞች ማስታወሻ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቀሩትን መልሶች ሁሉ የሚመለከት ነው። እዚህ አገር ፀደይን የሚጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ብርሃንና ሙቀት። እኛ ያደግንበት አገር ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ልብም አንለውም። ስቶክሆልም ላይ ግን አጭሩ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ረጅሙ ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ነው፤ በማርች ወር ቀኑ በየዕለቱ አምስት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ጃንዋሪ ላይ፣ ውርጩ አጥንት እየሰበረ፣ ጉንጯ ነጭ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ስትዘምር ሰምተው ይሆናል፤ ስዊድኖች ታልጎክሰ ይሏታል። ድምጿ እንደ ብስክሌት ፓምፕ ሁለት ድምፅ እያፈራረቀ ይመላለሳል። የቀሰቀሳት ብርሃኑ ነው። የእሷ ዜማ «ቀኑ ረዝሟል» ይላል እንጂ «ብርዱ አልቋል» አይልም። ብርሃን በየዓመቱ በቀጠሮው ይመጣል፤ የሚዋሸው ሙቀት ነው።

ከማንቸስተር የደወሉ ወንድም፦ «በጓሮዬ በረዶ ሰንጥቆ የሚወጣ ነጭ አበባ አለ። ጠዋት ሞቶ አየዋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ምንድን ነው?»

ስኖውድሮፕ ነው። ሞቶ አይደለም፤ ሆን ብሎ የተኛ ያህል ነው። ቅዝቃዜው ሲበረታ ግንዱ ይዝልና አበባው መሬት ላይ ይጋደማል፤ ሞቅ ሲል ውኃው ተመልሶ ይቆማል። በውስጡ የበረዶ ቅንጣት እንዳያድግ የሚከለክሉ ፕሮቲኖች ስላሉት ሴሎቹ አይፈነዱም። የቅጠሉ ጫፍም ጠንካራ ነው፤ የረጋውን አፈር የሚበሳው በእሱ ነው።

አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አበባውን በጣትዎ ቀና ያድርጉት። ሦስት ረጃጅም ነጭ ቅጠሎች ከውጭ፣ ሦስት አጫጭር ከውስጥ ያያሉ፤ በአጫጭሮቹ ጫፍ ላይ በብዕር የተነካ የሚመስል አረንጓዴ ምልክት አለ። ብዙ ሰው በየዓመቱ እያየው ይህን ሳያውቅ ይኖራል፤ ምክንያቱም አንገቱን የደፋ አበባ ነው።

እንዲበዛልዎ ከፈለጉ አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ቆፍረው ይከፋፍሉትና ወዲያው መልሰው ይትከሉት። በመጸው ደርቆ የሚሸጠው ሽንኩርት መሳይ ሥሩ ብዙ ጊዜ አይዝም። መሬት ውስጥ ያለው ክፍሉ ትንሽ ሽንኩርት ይመስላል፤ ግን መርዝ ነው፤ ከልጆችና ከውሻ ያርቁት። ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ጋላንታሚን የተባለው መድኃኒት የተገኘው ከዚሁ ወገን ተክል ነው፤ ይህ ማለት ግን ቤት ውስጥ ይቀቀላል ማለት አይደለም።

ከጎተንበርግ የደወለች እህት፦ «ስዊድን ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፌብሩዋሪ ሲገባ ማስነጠስ አላቆምም። ጉንፋን ነው እያልኩ ዝንጅብል እጠጣለሁ።»

ዝንጅብሉ አይጎዳሽም፤ ጉንፋን ግን ላይሆን ይችላል። ከቤትሽ ውጪ ቅጠል የሌለው፣ ቢጫ ትል የሚመስሉ ነገሮች የተንጠለጠሉበት ቁጥቋጦ ካለ ሄዝል ነው። እነዚያ የወንዴ አበቦቹ ናቸው። ያለፈው በጋ የተሠሩ ናቸው፤ ብርዱን ሙሉ ተጨብጠው ቆይተው ጥቂት ቀን ሞቅ ሲል ይለቃሉ። ቅርንጫፉን በእርሳስ ነካ ብታደርጊው ቢጫ ዱቄት ይነሳል፤ ከአንዱ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ይወጣል። የሚያደርሰው ነፋስ ስለሆነ ቅጠል መንገድ ሳይዘጋበት ቀድሞ ያብባል። የሴቴዋን አበባ ደግሞ ፈልጊያት፤ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ካለች ተራ እምቡጥ ጫፍ ጥቂት ደማቅ ቀይ ክሮች ብቅ ብለው ታያለሽ፤ ርዝመታቸው ሚሊሜትር ነው። ለውዙ የሚወጣው ከእሷ ነው።

ከሄዝል ቀጥሎ በውኃ ዳር የሚበቅለው አልደር ይመጣል፤ ከዚያ በኤፕሪልና በሜይ ቅርፊቱ ነጭ የሆነው በርች። በስካንዲኔቪያ ዋናው አስቸጋሪ በርች ነው። አዲስ አገር ገብተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አለርጂ የሚጀምራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሰውነት መጀመሪያ ብናኙን ማወቅ አለበትና። ትኩሳት ከሌለሽ፣ ዓይንሽንና አፍንጫሽን የሚበላሽ ከሆነ፣ ከአፍንጫሽ የሚወጣው እንደ ውኃ ጥርት ያለ ከሆነና ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ አለርጂ ያመዝናል። ጥሬ ፖም ወይም ካሮት ስትበዪ አፍሽን ካሳከከሽም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ከበርች ጋር ዝምድና አለው። ደረትሽ የሚያፍን ወይም ሲር የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ አታስተላልፊ። እስከዚያው ልብስ ውጪ አታስጪ፤ ፀጉርሽን ማታ ታጠቢ። ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ሙያ አይደለም።

ከፍራንክፈርት አካባቢ የደወሉ ባልና ሚስት፦ «በማርች ጀርመኖች ጫካ ገብተው ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቅጠል ይለቅማሉ። እኛም ለቅመን ለወጥ ብንጠቀምበትስ?»

ቤርላውክ የሚሉት ነው። ጣፋጭ ነው፤ ለምስር ወጥ መጨረሻ ላይ ቢነሰነስ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ከዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ የእናንተ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በዚያው ጫካ፣ በዚያው ሰሞን፣ ሁለት መርዛማ ተክሎች ቅጠላቸውን ያወጣሉ። አንዱ ማይግሎክሸን ነው፤ በኋላ ነጫጭ ደወል መሳይ አበባ የሚያወጣው፤ ልብን ይጎዳል። ሁለተኛው ሄርብስትፀይትሎዘ ነው፤ ቅጠሉ በፀደይ፣ አበባው በመጸው የሚወጣ። በውስጡ ያለው ኮልቺሲን ሰው ይገድላል፤ የታወቀ ማርከሻም የለውም። ጀርመን ውስጥ በእነዚህ ስሕተት በየፀደዩ ሰው ይመረዛል።

«ሽታው ይለየዋል» እንዳትሉ። የመጀመሪያውን ትክክለኛ ቅጠል ስትቆርጡ እጃችሁ ይሸታል፤ ከዚያ በኋላ የምትነኩት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታችኋል። ዓይን ይሻላል። ቤርላውክ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ቀጭን አገዳ ኖሮት ለብቻው ከመሬት ይወጣል፤ ጀርባው አያብረቀርቅም። ማይግሎክሸን ከአንድ አገዳ ሁለት ቅጠል ተቃቅፈው ይወጣሉ፤ ጀርባቸው ያብረቀርቃል። ሄርብስትፀይትሎዘ ደግሞ አገዳ የለውም፤ ጠንከር ያሉ ረጃጅም ቅጠሎች ከአንድ ቦታ ተሰብስበው ይወጣሉ። ሦስቱም ተቀላቅለው አንድ ቦታ ሊበቅሉ ስለሚችሉ እፍኝ ሙሉ አጭዶ መሰብሰብ አይገባም፤ አንድ በአንድ ነው።

የእኔ ምክር? በመጀመሪያው ዓመት ከገበያ ግዙት። በዚያው ሰሞን በየገበያው ይሸጣል። ቅጠሉን ቤት ወስዳችሁ በደንብ አጥኑት፤ በሁለተኛው ዓመት የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ጫካ ግቡ።

ከሰሜን እስራኤል የደወሉ አባት፦ «ሁላ ሸለቆ የሚያርፉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከአገራችን ነው የሚመጡት ይባላል። እውነት ነው?»

ከፊሉ እውነት ነው፣ አባቴ። እነዚህ ክሬን የተባሉት ወፎች የሚፈለፈሉት በሰሜን ነው፤ በፊንላንድ፣ በኢስቶኒያና በሩሲያ። ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ሲወርዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ሁላ ላይ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ አልፈው ኢትዮጵያ ይገባሉ። በጣና ዙሪያ አዝመራው ከተነሳ በኋላ በማሳው ላይ እህል ሲለቅሙ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ማርች ገደማ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ስለዚህ ለጎጃም ገበሬ መሄጃቸው፣ ለፊንላንድ ገበሬ መምጫቸው ምልክት ነው።

በደቡብ ስዊድን ሆርንቦርያ ሐይቅ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ በአንድ ቀን ከ20,000 በላይ ክሬን የታየበት ጊዜ አለ፤ ያሉበት አገር ቅርብ ከሆነ ሄዳችሁ እዩ። እነዚያ ግን በአብዛኛው ከስፔን በኩል የሚመጡ ናቸው።

ስለ ሽመላም ጠይቀው ነበር። ከምሥራቅ ጀርመንና ከፖላንድ የሚነሱት በቱርክ፣ በእስራኤልና በሲና አድርገው የናይልን መስመር ይዘው ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ባሕር አቋርጠው የማይሄዱት የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ስለሆነ ነው፤ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም። ጀርመን ውስጥ ፌብሩዋሪ ላይ ሽመላ አይቶ «ፀደይ መጣ» የሚል ሰው ግን ይቸኩላል። ብዙዎቹ ቀዳሚዎች ስፔን ድረስ ብቻ ሄደው፣ የቆሻሻ መጣያ ላይ ሲመገቡ ከርመው የተመለሱ ናቸው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከለንደን፦ «ትምህርት ቤት በር ላይ ትልቅ ጠጉራም ንብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አየሁ። ታማ ነው?»

ጎበዝ፣ ጥሩ አይተሃል። ባምብልቢ ትባላለች፤ ያየሃትም ንግሥቲቱ ናት። ያለፈው ዓመት ሠራተኞቿ ሁሉ ሞተዋል፤ እሷ ብቻዋን አፈር ውስጥ ተኝታ ከርማ ነው የወጣችው። ብዙ ጊዜ ደክሟት ታርፋለች እንጂ አትታመምም። የበረራ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሰውነቷን ታሞቃለች፤ ከዚያ ትነሳለች። ካልተነሳች በቅጠል አንሥተህ አበባ ላይ አስቀምጣት። አበባ ከሌለ ስኳርና ውኃ እኩል ቀላቅለህ አንድ ጠብታ አጠገቧ አድርግላት። ማር አትስጣት፤ የንብ በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

ለወላጆቹ፦ መሬት ለመሬት ወዲያ ወዲህ እያለች ስትበር ካያችሁ ቤት እየፈለገች ነው፤ የአሮጌ አይጥ ጉድጓድ ትወዳለች። በመጀመሪያዋ ፀሐያማ ቅዳሜ ጓሮውን ጠርጋችሁ አታራቁቱት። አኻያ ዛፍ ካላችሁም ያንን ለስላሳ ብርማ እምቡጥ ለማስጌጫ ብላችሁ ሁሉንም አትቁረጡ፤ በዚህ ሰሞን ዋና ምግቧ እሱ ነው።

ከሙኒክና ከኡፕሳላ የመጡ ሁለት ተመሳሳይ ጥያቄዎች፦ «ቃሪያና ጎመን መቼ እንትከል?»

ከላይ የዘረዘርኳቸው ምልክቶች አንዳቸውም ለቃሪያ ፈቃድ አይደሉም። ቃሪያውን በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ዝሩ። ወደ ውጪ የሚወጣው ግን በደቡብ ጀርመን «የበረዶ ቅዱሳን» ከሚሏቸው ከሜይ 11 እስከ 15 ካሉት ቀናት በኋላ ነው፤ የጀርመን ገበሬ እነዚህን ቀናት የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ኡፕሳላ ላይ እስከ ጁን መጀመሪያ ቆዩ። ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላል፤ በኤፕሪል በቀጭን መሸፈኛ ጨርቅ ሥር መዝራት ይቻላል።

አፈሩን ግን ፈትኑት። እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡትና በጣት ነካ አድርጉት። ከተበተነ ቆፍሩ። ጭቃ ሆኖ ከተያያዘ አካፋውን መልሱ፤ እርጥብ አፈር ላይ መረማመድ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ትከፍሉበታላችሁ።

የመጨረሻው፣ ከበርሚንግሃም፦ «ዳፎዲል የሚሉት ቢጫው የፀደይ አበባ አብቦ ሲያልቅ ቅጠሉን ልቁረጠው?»

አይቁረጡት፣ አይቋጥሩትም። የደረቀውን አበባ ብቻ ያንሱ። ቅጠሉ ለሚቀጥለው ዓመት አበባ ስንቅ እያከማቸ ስለሆነ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይተዉት።